ሰደርያ የለበሰው ውሻ እና የሀቦባ ውሃ

ያን ውሻ እስከ ዛሬ ዓይኑን ማየት አልፈልግም። ቀይ ሰደርያ የለበሰ፣ አንድ ጆሮው ቀና ሌላው እጥፍ ያለ፣ ምላሱን እስከ ደረቱ ዘርግቶ የሚስቅ የካርቱን ውሻ ነው። ፈረንጆቹ የሳሉት አባቴ ሳይወለድ ነው ይባላል። ይኸው ዛሬ የልጅ ልጄ እሱ የታተመበትን ፒጃማ ካልለበስኩ አልተኛም ትላለች። "እማማ፣ ውሻውን ሳዪልኝ" ብላ ወረቀትና እርሳስ ይዛ ትመጣለች። እኔ ጥንቸል እስልላታለሁ። ታለቅሳለች። ታልቅስ! ይቺ እጄ ያንን ውሻ አትስልም።

ልጄ ትታዘበኛለች። "አንቺ ደግሞ፣ ሰው ከካርቱን ጋር ይጣላል እንዴ?" ትለኛለች። ከካርቱን ጋር ማን ተጣላ? የተጣላሁት ካርቱኑን ጠቅልሎ ይዞ አሶሳ ከገባው ሰውዬ ጋር ነው። ቂሜን የተወጣሁትም በዚያው በራሱ ውሻ ነው። እንዴት እንደተወጣሁት፣ ከዚያም ምን እንደመጣብኝ ግን ለልጄም ነግሬያት አላውቅም።

ጊዜው ክልሉ ገና የተቋቋመበት ነበር። ቢሮ ይከፈታል፣ ጠረጴዛው ከወንበሩ ቀድሞ ይመጣል፤ ወንበሩ ሲደርስ ጠረጴዛው ለሌላ ቢሮ ተወስዷል። ትናንት ከእኛ ጋር ሻይ ሲጠጣ የዋለው ሰው ዛሬ ኃላፊ ሆኖ በመኪና ያልፋል። ደርግ ቤተሰቦቼን ከወሎ አንስቶ አሶሳ ሲያሰፍር እኔ ልጅ ነበርኩ። አስራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት ስላልመጣልኝ ከሰፈራ መንደራችን ወጥቼ ከተማ ገባሁ፤ አዲስ በተከፈተ መዋዕለ ሕፃናትም በጊዜያዊነት ረዳት አስተማሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። ጊዜያዊ ማለት በፈለጉት ቀን "ነገ እንዳትመጪ" የሚሏት ሰው ማለት ነው። ስዕል ግን እችል ነበር። ግቢው ከመመረቁ በፊት የውጭውን ግድግዳ በስዕል ካሳመርሽው ቋሚ እናደርግሻለን ብላ ኃላፊያችን ቃል ገባችልኝ። እኔም ሰማይ ምድሩን ትቼ ያንን ግድግዳ ያዝኩ።

የግቢውን ውሃ የሚይዙት አንዲት የበርታ አሮጊት ነበሩ። ልጆቹ ሀቦባ ይሏቸዋል፤ በሱዳኖቹ አረብኛ አያት ማለት ነው። እኛም ሀቦባ አልናቸው። ከማንጎው ስር ዚር የሚሏቸውን ሁለት ትልልቅ የሸክላ ጋኖች ጎን ለጎን አቁመው፣ አፋቸውን በነጭ ጨርቅ ሸፍነው፣ ጠዋት ጠዋት ውሃ ቀድተው ይሞሏቸዋል። ወይ ያ ውሃ! የአሶሳ ፀሐይ ቆርቆሮውን ሲያንጣጣው ከሀቦባ ዚር አንድ ጣሳ የቀመሰ ሰው ነፍሱ መለስ ትላለች። አሰጣጡም የራሳቸው ነበር። ቆሞ የሚጠጣ ልጅ አይወዱም፤ አስቀምጠው፣ ጣሳውን በቀኝ እጃቸው ይዘው "ቢስሚላሂ በል" ይላሉ። የክርስቲያኑ ልጅ ያማትባል። እሱንም ራሳቸውን ነቅነቅ አድርገው ያጠጡታል።

የከተማው የበርታ እናቶች ልጆቻቸውን ወደዚያ ግቢ የላኩት በሀቦባ ቃል ነው። ምዝገባ ሲጀመር ከእነሱ ሰፈር አንድ ልጅ አልመጣም ነበር። ምን ያበሏቸዋል፣ ምን ያጠጧቸዋል፣ ምን ያስተምሯቸዋል ብለው ፈሩ። ሀቦባ በየቤቱ ዞረው "እኔ አለሁ። ውሃ የምሰጠው እኔ ነኝ" አሏቸው። በሳምንቱ ግቢው በልጅ ሞላ። አማርኛቸው ገበያ ላይ የተማሩት ነበርና ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚሉት። እኔንም "አንተ ልጅ፣ ምሳ በላህ?" ይሉኝ ነበር። ከእናቴ ቀጥሎ ምሳ መብላቴን የጠየቀኝ ሰው በዚያ ከተማ እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ልጆቹ ውሃ ጠጥተው ሲቀመጡ ሀቦባ የጥንቸል ተረት ይነግሯቸዋል። መጀመሪያ በራሳቸው ቋንቋ፣ ቀጥሎ ለእኛዎቹ በዚያ በሚጣፍጥ አማርኛቸው። አንድ ጊዜ ጥንቸል አንበሳን "ጥላህን ሊሰርቁህ ነው" ብላ አሳምና፣ እሱ ቀኑን ሙሉ የገዛ ጥላውን ሲጠብቅ እሷ ማንጎውን ለቅማ ጨረሰችው። ልጆቹ በሳቅ ይንከባለላሉ። ታዲያ ግድግዳው ላይ ሌላ ምን ልስል ኖሯል? ያችኑ ጥንቸል ሳልኳት። አፏ በማንጎ ተለውሶ፣ ጆሮዋ እስከ ጣሪያው ደርሶ። የበርታዎቹ ልጆች እናቶቻቸውን እየጎተቱ አምጥተው አሳዩ። ከባምባሲ በኩል የመጡት የኦሮሞ ልጆች "ኢሌቲ! ኢሌቲ!" ብለው በቋንቋቸው ጠሯት። የእኛ የሰፋሪዎቹ ልጆች ብቻ ቅር አላቸው። በእኛ ቤት ተረት ውስጥ ብልጧ ጦጣ ናትና "ቲቸር፣ ጦጣዋስ?" አሉኝ። እሷንም ዛፉ ላይ አስቀምጬላቸው ሰላም ወረደ።

ሰደርያ ለባሹን ውሻ በዚያን ጊዜም አውቀው ነበር። ገበያው አጠገብ ቪዲዮ ቤት ነበር። ባለቤቱ ከፊሉን ካሴት ከካርቱም በድንበር ከተማዋ በኩርሙክ በኩል፣ ከፊሉን ከአዲስ አበባ ያስመጣል። ትልቁ ፊልም ሳይጀመር ልጆቹን ዝም ለማሰኘት ያንን ውሻ በአረብኛ ይከፍትላቸዋል። ውሻው አንዲት ጃርት ሊይዝ ይሮጣል፣ ጃርቷ ታመልጠዋለች፣ አበቃ፤ ሁልጊዜ ያው ነው። እኔን የገረመኝ ተመልካቹ ነው። የሰፋሪ ልጆች "ያዛት! ያዛት!" እያሉ ከውሻው ጋር ይሮጣሉ። በየቤታቸው ዝንጀሮን ከበቆሎ፣ ጅብን ከበረት የሚመልስ ውሻ አለዋ። የበርታ ልጆች የጃርቷ ወገን ናቸው፤ ትንሿ ትልቁን ስታሞኘው እነሱ ከሀቦባ ጥንቸል ጋር ናቸው። ድንበር ድንበሩን ያደጉት ደግሞ አረብኛውን ስለሚሰሙ ቀልዱ ሳይደርስ ቀድመው ይስቃሉ። አንድ ካሴት ነው፣ አንድ ክፍል ውስጥ ነው፣ አንድ ልጅ ለውሻው ሲያጨበጭብ ጎረቤቱ ለጃርቷ ያጨበጭባል።

እኔ የተማረ ሰው አይደለሁም፤ ግን ያኔ የገባኝ ነገር ዛሬም ልክ ይመስለኛል። ልጅ የተሳለ እንስሳ የሚወደው ቤቱ ውስጥ አንድ ሰው አስቀድሞ ካስተዋወቀው ነው። ስለ ጥንቸል የነገረው ሰው ያለው ልጅ ጥንቸል ሲያይ ዘመዱን እንዳገኘ ይሆናል። ያልተነገረው ልጅ ጆሮዋን ብቻ ነው የሚያየው። የአሥር ዓለም አቀፍ ባለሙያ ትምህርት ይሄን አያስረሳኝም።

አንድ ቀን የጎረቤት ቡችላ አጥሩን ሾልኮ ገብቶ መሬት ላይ ከተቀመጠው የውሃ ጣሳ ላስ ላስ አደረገ። እኔ ሳቄ መጣ። በእኛ መንደር ውሻ የላሰውን እቃ ለቅለቅ አድርገን እናስቀምጣለን፣ ማን ቁብ ይሰጠዋል? ጣሳውን አንስቼ ላለቀልቀው ስል ሀቦባ ከእጄ ነጠቁኝ። አፈር ዘገኑ፣ ጣሳውን አሹት፣ በውሃ አጠቡት፤ እንደገና፣ እንደገና፤ በአረብኛ እየቆጠሩ። "ዋሂድ፣ እትኔን፣ ተላታ፣ አርበዓ፣ ኸምሳ፣ ሲታ፣ ሰብዓ።" ሰባት ጊዜ። ሲጨርሱ ፀሐይ ላይ ደፉትና ወደ እኔ ዞሩ።

"ውሻ መጥፎ አይደለም" አሉኝ። "ውሻ ቤት ይጠብቃል። ምላሱ ግን ከውሃ ጋር አይገናኝም። አሁን አወቅህ?"

"አወቅኩ፣ ሀቦባ።"

"አትርሳ።"

አልረሳሁም። መርሳቱ ነበር የሚሻለኝ።

ምርቃቱ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰውዬው ከመሀል ሀገር መጣ። የሕፃናት ትምህርት ባለሙያ ነው ተባለ። ጥቅል ጥቅል ወረቀት፣ ቆርቆሮ ቆርቆሮ ቀለም ይዞ፣ የጠጉሩን ስንጥቅ በማስመሪያ ያወጣው የሚመስል ሰው ነበር። ግቢው ውስጥ ገብቶ ግድግዳዬ ፊት ቆመ። ኃላፊያችን፣ አስተማሪዎቹ፣ ጥበቃው ሁላችንም ከበነዋል።

"ይቺ አህያ ናት?" አለ።

ሰው ሳቀ። ኃላፊያችን ሳትቀር ሳቀች።

"ጥንቸል ናት፣ ጋሼ" አልኩ።

"ጥንቸል! ጥንቸልን ማን ያውቃታል?" አለና ወረቀቱን ዘረጋው። ሰደርያ ለባሹ ውሻ ብቅ አለ። "ይሄን ከጃፓን እስከ አሜሪካ የማያውቀው ሕፃን የለም። ልጆቹን ከዓለም ጋር እናስተዋውቃቸው እንጂ! ጫካቸውን ግድግዳ ላይ ስለንላቸው የት ይደርሳሉ?" አለ። እኔ የበርታዎቹን እናቶች፣ ልጆቹን፣ ጦጣዋን፣ ሁሉንም ልነግረው አፌን ከፈትኩ። እጁን እንደ ዝንብ ማባረሪያ አወዛወዘብኝ።

በማግስቱ ጠዋት ስገባ ግድግዳው ነጭ ሆኗል። የአንድ ወር ሥራዬ ላይ ኖራ ለቅልቆበታል። ልጆቹ ፊቱ ቆመው ያያሉ። አንዷ "ቲቸር፣ ጥንቸሏ የት ሄደች?" አለችኝ። ሰውዬው ከውስጥ ወጣና ለኃላፊያችን "ልጅቷ ብሩሽ በማጠብ ብትረዳኝ ይበቃል" አላት። እንዲያ ነው እንጂ! የቋሚነቴ ነገር በዚያው ኖራ ስር ተቀበረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ የሰውዬውን ብሩሽ አጠብኩ። እሱ ውሻውን በመስኮቱ ስር፣ በበሩ ላይ፣ በጀርባው ግድግዳ ሲስል፣ ከስሩም ፊርማውን ሲያስቀምጥ ቆሽቴ እያረረ ቀለም በጠበጥኩለት።

ሀቦባ ከማንጎው ስር አይተውኝ ነበር። ጠርተው ውሃ ሰጡኝ። "ተወው" አሉኝ። "ጥንቸል ይመለሳል። ጥንቸል ሁልጊዜ ይመለሳል።"

አልተውኩትም። እንዴት ብዬ እተወዋለሁ? በሰው ፊት አዋርዶኛል፣ እንጀራዬን ነጥቆኛል፣ ደግሞ ስሜን እንኳ ሳያውቅ "አንቺ ልጅ" እያለ ይልከኛል። ልኩን ሳላሳየው ከዚህ ከተማ ከወጣ ሰው አይደለሁም ብዬ ማልኩ። ሌሊትም ቀንም የማስበው እሱን ነው።

ምርቃቱ አራት ቀን ሲቀረው ለግቢው አዲስ የብረት በርሜል መጣ። ከታች ቧንቧ የተገጠመለት፣ ከላይ ክዳን ያለው ነው። የሀቦባ ዚሮች ወደ ጓሮ ተወስደው ልጆቹ ከበርሜሉ ሊጠጡ ተወሰነ። ሰውዬው በርሜሉን እየዞረ አየና ከሁሉ የሚበልጠውን ውሻ የት ቢስል እንደሚያምር ለራሱ አጉረመረመ። እኔ ብሩሽ እያጠብኩ ነበር። እጄን በቀሚሴ ጠረግሁና፣ እስከዚያ ቀን አውጥቼው በማላውቀው የለሰለሰ ድምፅ ተናገርኩ።

"ጋሼ፣ እዚሁ በርሜሉ ላይ ለምን አይስሉትም? ምላሱን በቧንቧው ላይ ቢያሳርፉት፣ ልጆቹ ሲከፍቱት ውሃው ከምላሱ የሚወርድ ይመስላል።"

ጎንበስ ብሎ ቧንቧውን አየ። ከዚያ ፊቱ በራ። "እኔም እሱን ነበር የማስበው" አለ።

እሱን ነበር የማስበው! ውሸታም። በሆዴ እሰይ አልኩ፤ የራሴ ሐሳብ ነው ብሏላ፣ ይውሰደው። በርሜሉን እቃ ቤት አስገብቶ በሩን ዘግቶ ሳለ። ማንም አላየም። ሲጨርስ በትልቅ ጨርቅ ሸፍኖ ማንጎው ስር አቆመው፤ በምርቃቱ ቀን በክብር እንግዳው እጅ ሊገለጥ።

የምርቃቱ ዕለት ጠዋት ሀቦባ በርሜሉን ሊሞሉ መጡ። ዚሮቻቸው ወደ ጓሮ በመሄዳቸው ቅር ብሏቸው ነበር፤ ግን ነጭ ለብሰው፣ እጃቸውን ሂና ተቀብተው ነበር የመጡት። "አዲስ እቃ ነው። ልጆች ይደሰታል" አሉኝ። ቁመታቸው ስለማይደርስ እኔ በርጩማውን ያዝኩላቸው፤ እሳቸው ክዳኑን ከፍተው በእንስራ እየገለበጡ ሞሉት። አጎንብሼ በርጩማውን ስይዝ ጨርቁ ትንሽ ገለጥ ብሎ የምላሱ ጫፍ ታየኝ፤ ቀይ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ልክ ቧንቧው ላይ። ሀቦባ ከላይ ናቸው፣ አይታያቸውም። ያኔ "ሀቦባ፣ ቆዩ" ማለት እችል ነበር። አንድ ቃል ነበር የሚበቃው። ሰውዬው በወዲያ በኩል ክራቫቱን ሲያስተካክል አየሁትና አፌን ዘጋሁ። ሰይጣን አሳሳተኝ አልልም። ራሴ ነኝ፣ አውቄ ነው።

እንግዶቹ መጡ። የክብር እንግዳው ከክልሉ አዳዲስ ሹሞች አንዱ፣ የዚያው አገር ልጅ፣ በርታ ነበር። እናቶቹ አዲስ ልብሳቸውን ለብሰው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ንግግር ተደረገ፣ ተጨበጨበ፣ ጨርቁ ተገለጠ።

የሰፋሪ ልጆች "ውሻው! ውሻው!" ብለው እየዘለሉ ጮኹ። ከዚያ ጩኸቱ ለብቻው እንደቀረ ገባቸውና ዝም አሉ። ከበርታዎቹ ልጆች ድምፅ የለም። አንዲት ሚጢጢ ልጅ ቀድማ እንድትጠጣ ተመርጣ ነበር፤ አዲስ ጣሳ ይዛ በርሜሉ ፊት ቆማለች። ጣሳውን አየች፣ ምላሱን አየች፣ ሀቦባን አየች። ከዚያ ጣሳውን መሬት ላይ በቀስታ አስቀምጣ ወደ እናቷ ሄደች።

እንግዳው ረጋ ብሎ ጠየቀ። "ይሄን ያሰበው ማን ነው?"

"እኔ ነኝ፣ ክቡርነትዎ!" አለ ሰውዬው፣ ደረቱን ነፍቶ። "የራሴ ሐሳብ ነው!"

እሰይ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ! እንግዳው ከበርሜሉ ወደ ኋላ ሲሸሽ፣ ኃላፊያችን ፊቷ አመድ ሲመስል፣ ሰውዬው ምን እንዳጠፋ ሳይገባው ፈገግታው አፉ ላይ ሲደርቅ፣ እያንዳንዷን ነገር በዓይኔ ጠጣኋት። እንዲህ ዓይነት ደስታ በሕይወቴ አላየሁም። ሲነግሩትና ሲገባው ደግሞ ፊቱ ላይ የወረደው ላብ! ይኸውልህ ጋሼ፣ ብሩሽ አጣቢዋ ናት አልኩ በልቤ።

ያ ደስታዬ ሀቦባን እስካይ ድረስ ቆየ።

እናቶቹ ተነስተው ነበር። ወደ ሰውዬው አልሄዱም፤ እሱን ማን ያውቀዋል? የሄዱት ወደ ሀቦባ ነው። በቋንቋቸው ነው የተናገሩት፤ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። ውሃውን የሞላሽው አንቺ አይደለሽም ወይ? እኔ አለሁ ያልሽን አንቺ አይደለሽም ወይ? የሚል ነበር፤ ያን ያህል ይገባኝ ነበር። ሂና የተቀቡት የሀቦባ እጆች ነጩን ልብሳቸውን ጨምድደው ይዘዋል። እናቶቹ ልጆቻቸውን እየያዙ አንድ በአንድ ከቀርከሃው አጥር ወጡ። እንግዳው ይቅርታ ለመጠየቅ ተከትሏቸው ወጣ።

ሀቦባ ወደ በርሜሉ ሄዱና ቧንቧውን ከፈቱ። ከጠዋት ጀምሮ ቀድተው ያጠራቀሙት ውሃ በቀዩ ምላስ ላይ እየወረደ አቧራው ውስጥ ገባ። እስኪያልቅ ቆመው አዩት። ከዚያ ዞሩ። ወደ ሰውዬው ይዞራሉ ብዬ ነበር። ወደ እኔ ነው የዞሩት።

"አንተ ታውቃለህ" አሉኝ።

"ሀቦባ፣ እኔ ኮ..."

"እሱ አያውቅም። እኔ አልነገርኩትም። ለአንተ ነው የነገርኩት።" የዚሮቹን ነጭ ጨርቅ ከጓሮ አምጥተው፣ አጣጥፈው፣ ይዘው ወጡ። ወደዚያ ግቢ ዳግም አልመጡም።

ሰውዬው በሳምንቱ ጥቅሉን ይዞ ከአሶሳ ወጣ። የት እንደደረሰ አላውቅም፤ የትም ይድረስ፣ አይቅናው። በርሜሉ አረንጓዴ ተቀባ። ኃላፊያችን ጠርታኝ ግድግዳውን እንደ ድሮው እንድስል ለመነችኝ፤ ቋሚም ሆንኩ። የፈለግሁትን ሁሉ አገኘሁ። ጥንቸሏን ሳልኳት፣ ማንጎዋን፣ ጆሮዋን፣ ጦጣዋን። ከበርታዎቹ ልጆች ግን አብዛኞቹ ዓመቱን ሙሉ አልተመለሱም። ተረቱን የሚነግር ሰውም አልነበረም። እኔ ልነግራቸው ሞክሬ ነበር፤ ሀቦባ ሲናገሩት የሚያስቀው በእኔ አፍ ሲወጣ አያስቅም።

በሁለተኛው ዓመት አዲስ ልጆች ገቡ። አንዱ ግድግዳው ፊት ቆሞ በጣቱ እያመለከተ ጠየቀኝ።

"ቲቸር፣ ይቺ አህያ ናት?"

ወሽመጤ ተቆረጠ። ያ ሰውዬ በልጁ አፍ ተመልሶ የመጣብኝ መሰለኝ።

ዓመታት ሄዱ። በየጣሪያው ዲሽ ተተከለ። ቴሌቪዥኑ ሀቦባንም፣ የእኔን እናትም፣ የባምባሲዎቹንም አያቶች ተክቶ ለልጆቹ ሁሉ እንስሳ ያስተዋውቅ ጀመር፤ ያስተዋወቀውም ያንኑ ውሻ ነው። አሁን የበርታውም፣ የሰፋሪውም፣ የኦሮሞውም ልጅ አንድ ላይ ለውሻው ነው የሚያጨበጭበው። ጃርቷን የሚያስታውስ የለም። ከቻይና የመጣ ቦርሳ ላይ ውሻው፣ ካልሲ ላይ ውሻው፣ የምሳ እቃ ላይ ውሻው። ሰውዬው "ከጃፓን እስከ አሜሪካ" ያለው ውሻ አሶሳ ድረስ ደረሰለት። ሰው አሸንፎ ሄዶ ማሸነፉን ሳያውቅ ሲቀር እንዴት እንደሚያበሽቅ!

በዚህ ሁሉ ጊዜ ወደ ሀቦባ ቤት አልሄድኩም። ርቀቱ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። አርጅተዋል፣ ግን አሉ ሲሉኝ "ደህና ናቸው?" ብዬ አልፋለሁ። አፍሬ ነው።

ባለፈው ክረምት ማብቂያ ላይ ግን አዲስ ልጅ ተመዘገበች። የውሻው ምስል ያለበት ቦርሳ አንግታለች። "የማን ልጅ ነሽ?" ስላት የሀቦባ የልጅ ልጅ ልጅ መሆኗን ሰማሁ። ቦርሳውን ደግሜ አየሁት። እንዴ! ውሻው ሀቦባ ቤት ከገባ እኔም ልገባ እችላለሁ ማለት ነው አልኩ። ከትምህርት ሲለቀቅ ልጅቷን እጇን ይዤ፣ ስኳርና ሳሙና ገዝቼ፣ ሰማዩ ዝናብ ስላዘለ ጃንጥላዬን ይዤ ሄድኩ።

ሀቦባ ደጃፋቸው ላይ ከማንጎ ስር ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ድምፄን ግን አወቁት። "አንተ ልጅ" አሉኝ። እንባዬ መጣ። አስቀመጡኝ፣ ስለ ልጆቼ ጠየቁኝ። ልጅቷ ቦርሳዋን ከቀርከሃው ግድግዳ ላይ ሰቀለችው፤ ውሻው ምላሱን ዘርግቶ ከላያችን ይስቃል።

"ሀቦባ፣ ይሄም ቤትዎ ገባ?" አልኩ፣ ለመሳቅ እየሞከርኩ።

"ጨርቅ ነው" አሉ። "ጨርቅ አይልስም። ልጅ ነው፣ ይወዳል።"

"ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። ያኔ አውቄ ነው ያደረግሁት። ሰውዬውን ብዬ እርስዎን ጎዳሁ።"

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ውሃ ጠጣ" አሉኝ። ያው ዚር፣ ያው ነጭ ጨርቅ። በቀኝ እጃቸው ጣሳውን ሰጡኝ። ተቀምጬ ጠጣሁ። ከሠላሳ ዓመት በፊት የማውቀው ያ ውሃ ነበር፤ እስከ ጨጓራዬ ድረስ ቀዘቀዘኝ። ይቅር አሉኝ አልኩ። ጉልበታቸውን ስሜ፣ እንደ ልጅ ቀልሎኝ ተነስቼ ወጣሁ።

መንገዱ ጫፍ ላይ ዝናቡ ጠብ ጠብ ሲል ጃንጥላዬን መርሳቴ ትዝ አለኝ። ተመለስኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ አፈር በቆርቆሮ ላይ ሲፋቅ ሰማሁ። በቀርከሃው ስንጥቅ አየሁ። ሀቦባ ቁጢጥ ብለው የጠጣሁበትን ጣሳ በአፈር ያሻሉ፣ ያጥባሉ፣ እንደገና አፈር ይዘግናሉ። ልጅቷ አጠገባቸው ቆማ በቋንቋቸው ትጠይቃቸዋለች፤ ይህን ያህል ዓመት ኖሬበት ይገባኛል።

"ሀቦባ፣ ጣሳውን ውሻ ላሰው?"

ሀቦባ ቀስ ብለው ይቆጥራሉ። "አርበዓ። ኸምሳ። ሲታ።"

ሰባተኛውን ሳልሰማ፣ ጃንጥላዬንም ሳልወስድ በዝናቡ ወደ ቤቴ ሄድኩ።